ጠላቂውን ልለምን ደብረ ዘይት የወረድኩ ጊዜ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ወድቋል፣ ቀለበት መንገዱ ግን ገና አልነበረም። ወሩ ጥቅምት ይመስለኛል፤ ጧት ጧት ጆሮዬን ይበርደኝ ነበርና። እህቴ ዘይነባ «ኅዳር ነው» ትላለች። እሷ ከእኔ ጋር ያልተከራከረችበት ወር የለም። ዓርብ መውጣቴን ግን አልረሳሁም፤ የጁምዓ ሶላት ሰግጄ ነው የተነሳሁት።

«ደብረ ዘይት እኮ እዚሁ ነው፣ ማስታወሻ የሚጻፍለት መንገድ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። መኪና ላለው እዚሁ ነው። እኔ ከወሎ መጥቼ ቦሌ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ እምብዛም አልሄድኩም። የሰፈሬ ሰዎችም ሮም ደርሰው ይመለሳሉ እንጂ ደብረ ዘይትን አላዩም፤ የምጽፈው ለእነሱ ነው። ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ የጎደለውን አንባቢው ይሙላልኝ።

ነገሩ የመጣው በዘይነባ ልጅ በጀማል ነው። አንድ ልጇ ነው። በወታደር አፈሳው ዘመን በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ቀይ ባሕር ዳር ዓረብ አገር ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ኖረ። እዚያ እንግዶችን ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ተማረ። መንግሥት ሲለወጥ ተመለሰ። ሌላው ቴፕና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ የጎማ ልብስ፣ እንደ ቡታጋዝ ሲሊንደር ያለ የአየር ብረትና የእግር መቅዘፊያ ይዞ መጣ። ዘይነባ መቅዘፊያውን ከሻንጣ አውጥታ «ይኼ ደግሞ የማን እግር ነው?» ብላ ነበር።

ከዚያ ደብረ ዘይት ሄዶ ከሐይቆቹ ባንዱ ዳር አልጋ ተከራየ። ያ ሐይቅ ዳርቻው ተንሸራቶ አይወርድም፤ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ከውሃው በታች ያለውን ገደል እነሱ «ግድግዳ» ይሉታል። እሁድ ዕለት አንድ ፈረንጅ ይዞ ግድግዳውን እስከ ጨለማው ድረስ ሊወርድ ነው ተባለ። ይህን የሰማች ዕለት ዘይነባ ነጠላዋን ሳታጣፋ ሱቄ ድረስ ሮጣ መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ሊሞት ነው።»

«አላህ ይጠብቀው! ታች ምን አለ አለሽ?»

«ግድግዳ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ግድግዳ ብቻ ነው አለኝ።»

ያኔ ቦሌ የሚኖር ሰው ግድግዳ ለማየት ውሃ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም ነበር። ገንዘብ ያገኘ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው አጥር ነው። ቤቱ ሳይኖር ግንቡ ይቆማል፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተከላል። ባዶ ጠርሙሱን ከእኔ ነበር የሚወስዱት። አንድ ጎረቤቴ ዓመታት ፈጅቶ አጥሩን ሲጨርስ፣ ውስጡ የሚጠበቅ ነገር አለመኖሩ ትዝ ቢለው ውሻ ገዝቶ አስገባበት።

«ሂድና ለምነው» አለች ዘይነባ። «እናቱን እንቢ ቢል ሽማግሌ አይመልስም።»

የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። ለልመና የሄደ ሽማግሌ ከባለጉዳዩ ቤት ሲደርስ «እሺ» እስኪባል አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ባለቤቱ ሽበት ቆሞ ሲያይ ያፍርና «እሺ፣ እሺ፣ ብቻ ይቀመጡ» ይላል። ስንት ባልና ሚስት በቁሜ አስታርቄያለሁ። ጠላቂ ግን ለምኜ አላውቅም።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ተነሳሁ። ደብረ ዘይት በፀሐይ መውጫ በኩል ሆኖ ሳለ፣ ታክሲው መጀመሪያ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ወደ ላጋር ይወስዳል። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለዚህ በቡልቡላ አቋርጬ አቃቂ አስፋልት ላይ ለመውጣት በእግሬ ገባሁበት። ቡልቡላ ያኔ እርሻ ነበር። አውሮፕላን በራሳችን ላይ ሲያልፍ በሬዎቹ ቀና አላሉም፤ እኔ ግን አጎነበስኩ። ስንት ዓመት ከሥሩ ኖሬ በሬ የለመደውን አልለመድኩም።

ወንዙ ዳር ስደርስ የመረሬው ጥቁር ጭቃ አንድ እግር ጫማዬን ዋጠው። ብቆፍር፣ ብቆፍር የለም። ማዶ ሆና ታየኝ የነበረች አንዲት ባላገር ሳቋ ቀድሞ እሷ ተከትላ መጣች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የእኔም ኦሮምኛ ትንሽ ነው፤ ሁለቱን ትንሾች ይዘን ቤቷ ሄድን። እርጎ በቅል ሰጠችኝ። «ዱጊ፣ ዱጊ»፣ ጠጣ፣ ጠጣ እያለች እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ የባሏን ጫማ አንድ እግር አመጣችልኝ፤ ሌላኛውን ውሻ በልቶት ኖሯል። ቦሌ ብሆን በሩን አንኳኩቼ ውሻው ሲጮህ እመለስ ነበር። እዚህ ውሻው የበላውን ጫማ ትራፊ ተሸለምኩ። ተጫምቼ ጥቂት እንደሄድኩ ነው ሁለቱም የቀኝ መሆናቸውን ያወቅኩት።

ከአቃቂ ሚኒባስ አገኘሁ። ወያላው «አባት፣ ይግቡ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» አለኝ። ገባሁ። ከእኔ በኋላም ደጋግሞ አንድ ሰው ብቻ ቀረው። ዱከም ስንደርስ ከአንዲት ዶሮ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተዋውቀን ነበር።

ጀማል የተከራየበት አልጋ ቤት ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ አስናቀች ትባላለች፤ የአየር ኃይል ሰው የነበረ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ እጇ ፈጣን።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ለሽምግልና ነው የመጣሁት።»

«እሰይ! ለማን?»

«ለእህቴ ልጅ፣ ለጀማል።»

«ማንን ሊያገባ ነው?»

«ግድግዳ» አልኳት። ነገሩን ስዘረዝርላት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አልለየሁም።

ጀማል ከሐይቁ ሲመጣ እንደ መኪና ጎማ ጥቁር ለብሶ ውሃ ይንጠባጠባል። አቀፈኝ፣ አራሰኝ። እኔም በረንዳው መሐል እንደ ምሰሶ ቆምኩ።

«አጎቴ፣ ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም።»

አየኝ፣ አየኝና ፊቱ አዘነ። «ወገብዎን ነው። ያ ሚኒባስ ነው እንዲህ ያደረገዎት።» ሮጦ ገብቶ ክኒን አመጣልኝ። ቀጥሎም በቅባት ላሽዎት አለ።

ምን ላድርግ? ከአገር የወጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲታይ መደንገጥ እንደሚገባ ዓረብ አገር ማን ይነግረዋል? እኔ ደግሞ ለማኝ ሆኜ «ይህ ልመና ነው» ብዬ ብተረጉም ወጉ ይፈርሳል። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ እሱም ዝም ብሎ አዘነልኝ። ወይዘሮ አስናቀች ሽሮ አቀረበች። «ዛሬ ጾማችን ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ለእስላም ለክርስቲያኑ የሚሆን ነው» አለች። ሽታው እስከ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። አልበላሁም። ጀማል የኔን ድርሻ እያዘነ በላው።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ፈረደችልኝ። «ተኝተው ይደሩ፤ መተኛት መቀመጥ አይደለም። ውሃም ይጠጡ፤ ውሃ እህል አይደለም።» ቃዲ ብትሆን ኖሮ የደብረ ዘይት ባልና ሚስት ሁሉ በሰላም በኖረ። የቀረው ችግር ሳልቀመጥ እንዴት አድርጌ እንደምተኛ ነበር። እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ በፊቴ አልጋው ላይ ወደቅኩ። ቦሌ አውሮፕላን ያባንነኛል፤ እዚያ ያባነነኝ ዝምታው ነው።

ቅዳሜ ጧት ከግቢው የወይዘሮ አስናቀች ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

«አንተ ልጅ፣ ወገባቸው አይደለም የታመመው! እየለመኑህ ነው!»

«ታዲያ ለምን በአፋቸው አይናገሩም?»

«እግራቸው እየተናገረ አይደል እንዴ! አፈር ብላ!»

ወዲያው ጀማል አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔም በወደቅኩበት ዘዴ ተንከባልዬ ቆሜ ጠበቅኩት።

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅኩም።»

«እሺ በለኛ።»

«እሺ ማለት አልችልም፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ግን ፍርዱን ለእርስዎ ልስጥዎት። ዛሬ ወርደው ግድግዳውን ይዩት። ካዩ በኋላ ነገ ውረድ ካሉኝ እወርዳለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ።»

ሽማግሌ ከዚህ በላይ የሚጠይቀው የለም። ተቀመጥኩ። ወንበር እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ የሚያውቀው የተከለከለ ብቻ ነው።

ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሁለት ቀኝ ጫማ ላደረገ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይወስዳል። ታች አንድ ዝምተኛ ባለ ጀልባ ይጠብቀናል። ሦስታችን ወደ ዳርቻው ገደል ቀዘፍን። ጀማል የመስተዋት ጭንብሉን ፊቴ ላይ አጠለቀልኝ፤ ሽታው የአዲስ ጎማ ነው።

«ፊትዎን ብቻ ይንከሩ። በአፍንጫዎ አይተንፍሱ።»

ቢስሚላህ ብዬ ነከርኩ፤ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። አንድ ጉንጭ ሐይቅ ጠጥቼ፣ ሳል ጨርሼ እንደገና ነከርኩ።

ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፤ ቢሆንም አየሁ። ድንጋዩ አረንጓዴ ካባ ለብሶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፀሐይ በውሃው ውስጥ እንደ ድርና ማግ ተወጥራ እየተወዛወዘች ታወርደኛለች። ትንንሽ ዓሦች፣ የቦሌ ፍየል አጥር ላይ የበቀለ ሣር እንደምትነጭ፣ ግድግዳውን ይነጫሉ። ከእነሱ ሥር አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ምንም የለም። ምንም የሌለበትን ቦታ በዓይኔ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ግን አልዋሽም፣ ያምራል። ባለ ጀልባው ትከሻዬን ነካ ባያደርገኝ ቀና የምል አልነበርኩም። የእኛ ሰፈር አጥር አንዱም እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ምሳ የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ዓሣ ደግ ፍጥረት ነው፤ ማን አረደው ተብሎ ስለማይጠየቅ እኔና ወይዘሮ አስናቀች ከአንድ ትሪ በላን። ጀማል ግን አልነካም። አንዱን ዓሣ እያገላበጠ አጥንቱን ይቆጥራል።

«ከዓርብ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች እሷ፤ ትላንት የኔን ሽሮ መብላቱን ረስታ። ተነስታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ጠጋ አልኩት።

«እስቲ ንገረኝ። እዚያ ባሕር ሳለህ እንዲህ ያለ ግድግዳ እስከ ታች ወርደሃል?»

ዓሣውን ገፋ አደረገው። «እንግዶቹን ከላይ ከላይ ነበር የማስጎበኛቸው። ጨለማው ጋ ደርሼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፈረንጁ ወርደህ ታውቃለህ ወይ ሲለኝ፣ ስንቴ! አልኩት።»

«አልወረድኩም በለዋ።»

«አጎቴ፣ ፈራሁ ልበል? እሱ ጓደኞቹን ሊያመጣልኝ ነው። ውሸታም ከሆንኩበት እዚህ ምን እሠራለሁ? ተመልሼ ዓረብ አገር ነው የምሄደው።»

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው አለ። ሰርግ ላይ ሞቅ ብሎት «አራት ፎቅ እሠራለሁ» አለ፤ ሰው ሰማ፤ ሠራው። አሁን ጉልበቱ ደረጃ ስለማይወጣ ምድር ቤት ይኖራል፤ ከላይ እርግብ ነው ያለው። የሰው ልጅ ከአፉ የወጣውን ለማስተካከል የማይወጣው ፎቅ፣ የማይወርደው ገደል የለም።

ሆዴ ባዶ ሳለ ፍርዱ ቀላል ነበር፤ ተው ማለት ነው። ስጠግብ ከበደኝ። ውረድ ብለው ዘይነባ ልጇን በውሃ ታጣለች። ተው ብለው ሥራው ይጠፋል፣ ተመልሶ ይሰደዳል፣ ልጇን በባሕር ማዶ ታጣለች። ደግሞም ያየሁትን አይቻለሁ፤ ያን የመሰለ ነገር አትይ ብሎ መከልከል ለእኔም ከበደኝ። ከሰዓቱን ሁሉ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ። ወይዘሮ አስናቀች «ደግሞ መቀመጥ ተከለከለ?» እያለች ታልፈኛለች።

እሁድ ጧት ፈረንጁ በመኪና መጣ። ረጅም፣ ቀይ፣ ትሁት ሰው ነው። እጅ ነሳኝ። ውሃው ዳር ወርደን ሲለባብሱ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። አንዷን ማሰሪያ ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ምንም ያልጎደለውን መስተዋት ይወለውላል። እኔ ጥርስ ልነቀል የሄድኩ ቀን ሐኪሙ በር ላይ ጫማዬን እንዲሁ ስፈታና ሳስር ነበር።

ያን ጊዜ ፍርዱ መጣልኝ። እርጥብ ሣር ነጨሁና በሁለት እጄ ይዤ ከሁለቱ ፊት ቆምኩ። ፈረንጁ ደንግጦ ወደ ጀማል ዞረ።

«ሽማግሌ ናቸው በለው» አልኩ። «ሽማግሌ ሣር ከያዘ አይታለፍም በለው።»

ተረጎመለት። ፈረንጁ ሣሩን ተቀበለኝ፤ ምን እንደሚያደርገው ቢቸግረው በጥንቃቄ የመሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ አስቀመጠው።

«አሁን ስሙኝ» አልኩ። «ግድግዳው ላዩም ታቹም ያው ግድግዳ ነው። አትውረዱ አልልም፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ግን የምትወርዱት እኔ ከላይ ሆኜ እስከማያችሁ ድረስ ነው። ከዓይኔ ከጠፋችሁ ሽማግሌ ረግጣችኋል። ገመድ ታስራላችሁ፣ ጫፉ በእኔ እጅ ይሆናል፤ ስስብ ትወጣላችሁ።»

ጀማል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «አጎቴ፣ እርስዎ እኮ የሱቅዎን ቁልፍ ዳብሰው ነው የሚከፍቱት። እንዲህ ከሆነማ እስከ ጉልበት ብቻ ልንወርድ ነው?»

«የባለ ጀልባውን ዓይን እዋሳለሁ። አንተ ተርጉም።»

ተረጎመ። ፈረንጁ እስከ መጨረሻው ሰማና ትከሻው ወረደ፤ ሸክም እንደተቀበሉት ሰው። አንድ አጭር ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

ጀማል ሳቁን ውጦ «ትልቅ ሰው ካሉ ምን ይደረጋል፣ አለ።»

ለካ ፈረንጅም ሽማግሌ ካገኘ ያከብራል፤ የሚያገኝበት አጥቶ ነው እንጂ። በኋላ ምሳ ላይ እንዳወጋን፣ እሱም ጨለማው ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ጀማል እንዳይንቀው ብሎ ነበር። አስቡት፤ ሁለት ጎረምሶች አንዱ አንዱን አፍሮ፣ አንዳቸውም ወደማይፈልጉት ጉድጓድ ተያይዘው ሊወርዱ! ይህን ለማየት ደብረ ዘይት ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ቦሌ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል።

ሁለቱ ጠለቁ። የጀማል የአየር ብረት ቢጫ ነው፤ ምልክታችን እሱ ነበር። እኔ በጀልባው ጠርዝ ደረቴን አስደግፌ ወደ ውሃው ተንጠለጠልኩ። ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ይንሸራተታል። ባለ ጀልባው ከኋላዬ ተንበርክኮ ባንድ ክንዱ ወገቤን አቀፈ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ያያል።

«ይታያል?»

«ይታያል፣ አባ።»

ለእኔ ቢጫው ወዲያው አረንጓዴ ውስጥ ሟሟ። ገመዱ ግን ይሄዳል።

«አሁንስ?»

«ይታያል። ትንሽ ሆነ።»

የዘይነባ ፊት መጣብኝ። ገመዱ ሄደ፣ ሄደና ቆመ። የሚፈላው የአየር አረፋ ብቻ ወደ ፊቴ ይመጣል።

«አሁንስ? … ሰውዬ! አሁንስ?»

ክንዱ ወገቤ ላይ ጠበቀ። ትንፋሹን አንገቴ ላይ እሰማዋለሁ።

«አይታይም» አለ።

ሳብኩ። የሳብኩት ሐይቁን ይመስል ገመዱ አልመጣም። ያለኝን ኃይል ሰጥቼ ደግሜ ስስብ ጀልባው አዘመመ፣ ራሴ እስከ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከወገቤ በታች የቀረውን ያ ክንድ አልለቀቀውም። ውሃው ውስጥ ሆኜ ዱዓ አደረግኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ አረፋ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ ገመዱ በእጄ ላይ ላላ።

ቀና ሲያደርገኝ ጆሮዬ ላይ «መጣ፣ አባ። ሁለቱም» አለኝ። ለእኔ ገና ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ቆይቶ ነው ቢጫው እንደ ንጋት ከሥር የፈካልኝ። ጀማል ራሱን አወጣ፣ ከአፉ ያለውን ጎማ ተፋ፣ የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ጥርሱ ከብርዱ ይንቀጠቀጣል፤ ይስቃል።

«ጨለማውን ከላይ ሆኜ አየሁት፣ አጎቴ። ገመዱን ሲስቡት ልክ ጫፉ ላይ ነበርኩ።»

«ይበቃሃል?»

«ይበቃኛል።»

ዘይነባ እስከ ዛሬ ልጄን ያወጣልኝ ወንድሜ ነው ትላለች፤ እኔም ሳላርማት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ዓይኑን ያዋሰኝ፣ ወገቤንም ይዞ ከውሃው ያስቀረኝ ባለ ጀልባ ደበላ ይባላል።